ትንፋሽ የሚያጥራቸውን አባትና እናት ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምም?

ሐኪሙ «ሳንባቸው ከዚህ በላይ አይድንም» ብሎ ወደ ደሴ፣ ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ገጠር ቤታችሁ ሸኝቷችሁ ይሆናል። ሳንባው አይድን፣ ጭንቁ ግን ይቀንሳል። የማስታገሻ ሕክምና የሚባለው ይኸው ነው። ለመጨረሻው ሳምንት ብቻ የሚቆይ ነገርም አይደለም፤ ከሚማገው መድኃኒትና ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ዛሬውኑ ይጀመራል።

መጀመሪያ ጭሱን አስወጡ። ቡናና ዕጣን በሚከበርበት አገር ይህን ማለት ይከብዳል፣ ግን ለተጎዳ ሳንባ የዕጣንም የኩበትም ጭስ ያው ጭስ ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላ፣ ሲፈላ ስኒው ወደሳቸው ይምጣ። በርበሬ ሲታመስም ራቅ ተብሎ። ብርድ ነው ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታስገቡ፣ እሱ ጤነኛውንም ይገድላል።

ትንፋሹ ሲነሳባቸው ምን ታደርጋላችሁ? አታስተኟቸው። ቁጭ ብለው ወደፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ወይም ትራስ የተደረገበት ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። አየር በአፍንጫ ይሳቡ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ቀስ ብለው ያውጡ፤ ማውጣቱ ከማስገባቱ እጥፍ ይርዘም። ይህን ደህና በሆኑበት ሰዓት አብራችሁ ተለማመዱት፣ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር የሚማር የለም። ንጹሕ ማራገቢያ ይዛችሁም ጉንጫቸውና አፍንጫቸው አካባቢ አራግቡላቸው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ፊት ላይ የሚያርፍ ቀዝቃዛ አየር «አየር አጠረኝ» የሚለውን ስሜት በእርግጥ ያቀልላል። ጠያቂው ክፍሉን ከሞላው በትሕትና ውጭ እንዲቀመጥ ለምኑት። አንድ ሰው ብቻ አጠገባቸው ሆኖ ረጋ ባለ ድምፅ «አብሽሩ አባባ፣ አለሁ» ይበል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቀለላቸው ሐኪሙን ስለ ሞርፊን ጠይቁት። ስሙ ሲጠራ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ «ሱስ ያስይዛቸዋል»፣ «ቶሎ ይገድላቸዋል» ይባላል። በሐኪም ትእዛዝ፣ በትንሽ መጠን ተጀምሮ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ግን የትንፋሽ ማጠርን ስሜት ሊያስታግስ የሚችል፣ በዓለም ዙሪያ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሆድ ያደርቃል፣ ስለዚህ የሆድ ማለስለሻውን በዚያው ቀን አብራችሁ አሳዝዙ። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ የሌላ ሰው የእንቅልፍ ኪኒንም አትደርቡበት። አልነቃ እስኪሉ ድረስ ካንቀላፉ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ኦክስጅን የሚጠቅመው በደማቸው ውስጥ ያለው ሲያንስ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና አየሩ ስስ ነው፤ ቢሆንም ውሳኔው ጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ እንጂ በግምት አይሁን። ሲኦፒዲ ለተባለው የቆየ የሳንባ ሕመም ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው፣ ከዚያ በላይ ማስገባት ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሲጋራ፣ ጧፍ፣ ሰንደል፣ ከሰል ፈጽሞ አይግባ።

ምግብ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፤ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስለስ ያለ ፍትፍት። ጾም ከሆነ ሸሁንም ቄሱንም ጠይቁላቸው፣ ለሕመምተኛ ፈቃድ አለው። እምቢ ሲሉ በግድ አታጉርሱ፣ አፋቸውን ብቻ አርጥቡላቸው።

ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ደም ከተፉ፣ ትኩሳት ከጀመራቸው ወይም ነገር ከተምታታባቸው አትጠብቁ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

አስታማሚዋም ትተኛ። ቅሬው (ዕድሩ) ለለቅሶ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት በተራ አንድ ሌሊት ቢያድርላት ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ ራሳቸውን ጠይቋቸው። ሌሊት ቢብስባቸው ሆስፒታል መሄድ ይሻሉ ወይስ ቤታቸው መሆን? መናገር ካቃታቸው ማን ይወስንላቸው? መልሳቸውን ለቤተሰቡ በሙሉ፣ በተለይ ከአዲስ አበባና ከአረብ አገር በስልክ ለሚጨነቁት ልጆች፣ አስቀድማችሁ ንገሩ።