ባሕር የሚሸርፈውን ጭቃማ ዳርቻ በጭራሮ አጥር ማስመለስ

ለምክር የሚጠሩኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማንግሮቭ (ጨዋማ የባሕር ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ) ችግኝ አፍልተው፣ የተከላውን ቀን ቆርጠው ነው የሚጠብቁኝ። እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ጭቃው ነው። ማንግሮቭ የሚበቅለው በአማካዩ የባሕር ከፍታና ባሕሩ ሞልቶ በሚደርስበት ወሰን መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ የተተከለ ውሃ ውጦት ይቀራል። ፊሊፒንስ ውስጥ በዘመቻ ከተተከለው አብዛኛው አልጸደቀም፤ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ያለቦታው መተከሉ ነበር።

ስለዚህ የተሸረፈውን ጭቃ መልሶ ከፍ ከሚያደርገው ደለል ጀምሩ፤ የጭራሮ አጥሩ የሚይዘው እሱን ነው። ባሕሩ ሲሞላ ከሚገባው ውሃ በብርሃን አሳላፊ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ አንዴ ነፋስ ባለበት፣ አንዴ ጸጥ ባለ ቀን። ጠዋት ከሥሩ ጭቃ ካልዘቀጠ በአጥር አትድከሙ፤ የሚይዘው ነገር የለም። ደለሉ ወዴት እንደቀረም አጣሩ፦ ወንዙ ላይኛው ላይ ተገድቧል? ማንግሮቩ ለዓሣ ኩሬ ተመንጥሯል?

የኮንክሪት ግንብ ይሻላል የሚል አይጠፋም። ለስላሳ ጭቃ ላይ ግን አይሻልም። ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ሲመለስ እግሩ ሥር ያለውን ጭቃ እየቦረቦረ ይወስዳል፤ ውሎ አድሮ ግንቡ ራሱ ይዘማል። ጭራሮ ማዕበሉን ያደክመዋል እንጂ አይመልሰውም። ደለል ያዘለው ውሃ ሾልኮ ይገባል፤ ከአጥሩ ጀርባ ጸጥ ስለሚል ደለሉን ጥሎ ይወጣል። ደቾችና ጀርመኖች በሰሜን ባሕር ዳርቻ ለዘመናት የሠሩበት ዘዴ ነው፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃቫ ደሴት ላይ በዴማክም ተሞክሯል።

ባሕሩ ሲሸሽ ከዳርቻው ትይዩ ሁለት ረድፍ ችካል ምቱ፤ ለስላሳውን ጭቃ አልፎ ጠንካራውን አፈር እስኪነክስ ድረስ። በረድፎቹ መካከል የጭራሮ እስር እየረገጣችሁ ጠቅጥቁ፤ ከላይ በገመድ ጠፍሩት፤ ካልታሰረ ውሃው ያንሳፍፈዋል። ከፍታው ከተለመደው የሙላት ወሰን ትንሽ ቢበልጥ ይበቃል። አጥሩን ግን ዳር እስከ ዳር አትዝጉት፤ ውሃ የሚወጣበት፣ ዓሣና ጀልባ የሚያልፍበት በር ተዉለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥገና ነው፤ ገንዘብ የሚመድብ ሁሉ የሚረሳውም ይህንኑ ነው። ጭራሮው ይሟሽሻል፣ እየቆዩ መሙላት ግድ ነው። ችካሉን ደግሞ የባሕር ትል ይበላዋል። ከውጭ የምትታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ናት፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። በቢላ እጀታ አንኳኩት፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ማዕበሉ ሳይሰብረው ቀይሩት።

መሬቱ ራሱ እየሰመጠ ከሆነ አጥር ብቻውን አያድነውም። የዴማክ ፈተና ይህ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሳብ መሬቱ ይወርዳል። ዳርቻችሁ አሸዋማ ከሆነ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው፦ ኔዘርላንድ በ2011 ሄግ አጠገብ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ከምራ፣ ማከፋፈሉን ለሞገድና ለነፋስ ተወችው።

ጭቃው ከፍ ብሎ ሲጠነክር ለመትከል አትጣደፉ። በአቅራቢያው ዘር የሚጥል ማንግሮቭ ካለ አንድ የዘር ወቅት ጠብቁ፤ ዘሩን ውሃው ራሱ በተዋችሁለት በር ያስገባዋል። ካልመጣ ብቻ ትከሉ፤ ያኔም በዚያው አካባቢ ባዶ ጭቃ ላይ ቀድሞ የሚበቅለውን ዝርያ።