አዲስ የተተከለ ብሉቤሪ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችን ከጎመኑና ከቃሪያው አጠገብ ብሉቤሪ ሲተክሉ፣ ብዙ ጊዜ ችግኙን የሚንከባከቡት ለጎመኑና ለቃሪያው በለመዱት መንገድ ነው፤ ፍግ ያለብሱታል፣ አመድ ይነሰንሱለታል፣ ቅጠሉ የገረጣ ሲመስላቸውም ማዳበሪያ ይጨምሩለታል። ብሉቤሪ ግን በዚህ ሁሉ የሚጎዳ ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚታይበት ሕመም በአብዛኛው የሚመነጨው ከምግብ እጦት ወይም ከተባይ ሳይሆን ከአፈሩና ከሥሩ በመሆኑ፣ ቅጠሉ ላይ ምልክት ሲታይ አስቀድሞ መመርመር ያለበት መሬቱ ነው።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሲቀሩ

ምልክቱ የሚጀምረው ከቅርንጫፉ ጫፍ ባሉት ለጋ ቅጠሎች ነው። የቅጠሉ ገላ ወደ ቢጫነት ሲለወጥ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ቅጠሉ ወደ ፀሐይ ተይዞ ሲታይ ቀጫጭኖቹ መስመሮች አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ። ይህ የብረት እጥረት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ አይደለም፤ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ የበዛ ነው) ከፍ ሲል ብረቱ ሥሩ ሊወስደው በማይችል መልክ ስለሚታሰር ነው። ብሉቤሪ የሚስማማው ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 5.5 በሆነ አሲዳማ አፈር ሲሆን፣ ጎመንና ቲማቲም ደግሞ ከ6 በላይ የሆነውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መደብ አስማምቶ ማብቀል አይቻልም ማለት ይቻላል።

ብሉቤሪ አሲዳማ አፈር እንደሚሻ በሙከራ ያሳየው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ የነበረው ፍሬድሪክ ኮቪል ነው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1910 አሳትሞታል። ከዚያ በኋላ የክራንቤሪ እርሻ የነበረው ቤተሰብ ልጅ ኤልዛቤት ዋይት በኒው ጀርሲ አሸዋማና ረግረጋማ ጫካ ውስጥ ከሚበቅሉት የዱር ቁጥቋጦዎች ፍሬያቸው ትልልቅ የሆኑትን እያስመረጠች ከእርሱ ጋር ሠርታ፣ በ1916 የመጀመሪያው የለማ ብሉቤሪ ለገበያ ቀረበ። የተክሉ ጠባይ ዛሬም የዚያ መሬት ጠባይ ነው።

ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣ ሰው አሲዳማ አፈርን የሚያውቀው ኖራ ተደርጎበት የሚታከም ችግር አድርጎ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብሉቤሪው ያለበት መሬት ላይ ኖራም ሆነ አመድ ሊደርስ አይገባም። የዚህ አካባቢ ቀይ የሸክላ አፈር በተፈጥሮው አሲድነት ቢኖረውም፣ ሣሩ እንዲያምር ለዓመታት ኖራ ሲደረግበት የቆየ ግቢ ሊሆን ይችላል፤ ከቤቱ መሠረትና ከሲሚንቶው መተላለፊያ አጠገብ ያለው አፈርም ከኮንክሪቱ እየታጠበ በሚወርደው ኖራ ምክንያት ፒኤቹ ከፍ ይላል። ግድግዳው ጥግ የተተከለው ቢጫ ሆኖ፣ ጥቂት ሜትር ራቅ ያለው አረንጓዴ ከሆነ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

መፍትሄው በግምት ሳይሆን በአፈር ምርመራ መጀመር አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ የየአውራጃው የኤክስቴንሽን (የግብርና ምክር አገልግሎት) ጽሕፈት ቤት ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚላክ የአፈር መያዣ ሣጥን ይሰጣል፤ ሣጥኑ ሲላክ የሚተከለው ብሉቤሪ መሆኑን መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የሚመጣው ምክር ለሌላ ተክል የሚሆን ነው። ፒኤቹን ዝቅ ለማድረግ የሚያገለግለው ድኝ ነው። ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑና እነርሱም ሙቀትና እርጥበት ስለሚፈልጉ፣ ለውጡ ወራት ይወስዳል፤ በክረምት ቅዝቃዜ ደግሞ ሥራው የቆመ ያህል ይዘገያል። ከሁሉ የሚሻለው ከመትከል አንድ ዓመት በፊት ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ነው። ችግኙ አስቀድሞ ከተተከለ ግን ምርመራው የሚያዝዘውን መጠን ከፋፍሎ በላዩ ላይ መበተንና ውሃ ማጠጣት እንጂ መቆፈር አይገባም፤ የብሉቤሪ ሥር ከላይኛው አፈር የማይርቅ በመሆኑ ዶማ ያበላሸዋል። በቅጠል ላይ የሚረጨው አይረን ኬሌት (ተክሉ ሊወስደው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት) ቅጠሉን ለጊዜው አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ተክሉ ድኙ እስኪሠራ እንዲቆይ ይረዳዋል እንጂ አያድነውም።

እዚህ ላይ ስለ ቡና አተላ መናገር ግድ ነው፤ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ይህ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርምና። ቡናው ሲፈላ አሲዱ በአብዛኛው ከውሃው ጋር ስለሚወጣ፣ የሚቀረው አተላ ለገለልተኛ የቀረበ ነው፤ የአፈሩን ፒኤች ወደሚፈለገው ደረጃ አያወርደውም። በወፍራሙ ሲደፋ ደግሞ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ውሃ አላሳልፍ ይላል። በስሱ ቢበተን ወይም ከብስባሽ ጋር ቢደባለቅ ጉዳት የለውም፤ የድኝ ምትክ አድርጎ መቁጠር ግን ተክሉን ለአንድ ዓመት ማስራብ ነው።

ቢጫው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጀምሮ ደም ሥሩን ጨምሮ እኩል የሚያገረጣ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ለዚህ የሚስማማው አሞኒየም ሰልፌት የተባለው ማዳበሪያ ሲሆን፣ ከተተከለ አንድ ወር ያህል ካለፈው በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ዙሪያውን መበተን ለጀማሪ ችግኝ ይበቃል። ብሉቤሪ ናይትሮጅንን የሚመርጠው በአሞኒየም መልክ ስለሆነ ናይትሬት (ሌላው የናይትሮጅን መልክ) የሚበዛበት ማዳበሪያ አይሰጠውም። የተከተፈ እንጨትም ከአፈሩ ጋር ሲቀበር ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ስለሚሻማ፣ ቦታው ላይ ላዩን ጉዝጓዝ መሆን ነው።

መሬቱ ርጥብ ሆኖ ችግኙ ሲጠወልግ

ይህ ምልክት ከሁሉም ይበልጥ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሁለት ተቃራኒ ችግሮች አንድ ዓይነት መልክ ይሰጡታል። ለመለየት ጣትን ከግንዱ አስጠግቶ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ማስገባት፣ ከዚያም አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይህንኑ መድገም ነው። ዙሪያው ርጥብ ሆኖ ከግንዱ ሥር ያለው ደረቅ ከሆነ፣ ችግሩ ተክሉ ተገዝቶ ሲመጣ አብሮት የመጣው ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሽበት) የበዛበት አፈር ነው። ፒት ሞስ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፤ የሚፈስለት ውሃ በጎኑ እያለፈ ወደ ሸክላው ይሄዳል። እንዲህ ያለው ችግኝ ከወራት በኋላ ተነቅሎ ሲታይ ሥሩ የመጣበትን የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ እንደያዘ፣ እርስ በርሱ እንደተጠመጠመ፣ አንድም ቅርንጫፍ ወደ አዲሱ መሬት ሳይዘልቅ ይገኛል፤ መሐሉ ሲፈረከስም ቡናማ አቧራ ይወጣዋል። የብሉቤሪ ሥር እንደ ሌሎች ተክሎች ውሃ የሚስቡ ጸጉሮች ስለሌሉት በራሱ ጉልበት ሰብሮ መውጣት ይከብደዋል።

ያኔ የሚበጀው ችግኙን ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት አውጥቶ፣ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ሥሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ መንከር፣ የተጠመጠመውን በጣት አላልቶ ወይም ጎኑን በቢላ ሦስት አራት ቦታ በስሱ ቀድዶ፣ ሥሩን ዘርግቶ በነበረበት ጥልቀት መልሶ መትከል ነው። በበጋው ሙቀት መካከል ማውጣቱ የሚያስፈራ ከሆነ ቱቦውን ግንዱ ሥር አስጠግቶ ውሃውን በጠብታ ለረጅም ሰዓት መልቀቅ እስከ መኸር ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ዝናቡን ጨምሮ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ በሙቀት ወቅትም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። በላዩ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የጥድ ቅርፊት ወይም የተከተፈ እንጨት ግንዱን ሳይነካ ይጎዘጎዝለት።

ከግንዱ ሥርም ከዙሪያውም የጨቀየ ከሆነ ግን ሥሩ ታፍኗል። በሸክላ ውስጥ ተቆፍሮ በለስላሳ አፈር የተሞላ ጉድጓድ ዝናቡን እንደ ሳፋ ይይዛል፤ በዚያም ፊቶፍቶራ የተባለው የሥር አበስባሽ ተህዋስ ይራባል። ጤነኛው ሥር ነጣ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ የታመመው ጠቁሮ፣ ሲጎተት ልጡ እየተላጠ በእጅ ላይ ይቀራል። አብዛኛው ሥር እንዲህ ከሆነ ችግኙን ማስወገድ እንጂ መድኃኒት ማሳደድ አይጠቅምም፤ በዚያው ቦታም ሌላ ብሉቤሪ አይተካበትም። ገና ጥቂቱ ብቻ ከተጎዳ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወዳለ መደብ ቢዛወር ሊተርፍ ይችላል። አዲስ ቦታ ሲመረጥ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ይበቃል፤ በማግሥቱ ውሃው እዚያው ካለ ቦታው አይሆንም።

የቅጠሉ ዳር ሲቃጠል

ጫፉና ዳሩ ቡናማ ሆኖ የሚደርቀው አንድም በውኃ ጥም፣ አንድም በማዳበሪያ ብዛት ነው። በቅርቡ ማዳበሪያ ወይም የዶሮ ፍግ ከተደረገለት ምክንያቱ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ጨው የበዛበት ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል። ላዩ ላይ የቀረውን ጠርጎ ማንሳት፣ ውሃው የሚጠልቅበት መሬት ከሆነም በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ለዚያ ዓመት ሌላ ማዳበሪያ አለመጨመር ነው። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ለማንኛውም ችግኝ ማዳበሪያ አይሰጥም፤ ዘግይቶ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቀንበጥ ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበታልና።

ቅጠሉ ሲቀላ

በመኸር ከሆነ ወቅቱ ነው፤ ምንም አይደረግም። በጸደይ ከቀዝቃዛ ሌሊቶች በኋላ የሚታየው ቅላትም ሙቀቱ ሲመጣ ይጠፋል። በበጋ መካከል ቀልቶ እድገቱ ከቆመ ግን ሥሩን ከላይ እንደተነገረው መመርመር ያስፈልጋል።

አበባ እያበዛ ሳያድግ ሲቀር

ችግኙ በተተከለበት ዓመት አበባ ቢያወጣ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጥቂቷን ፍሬ ለማሳደግ የሚያወጣው ጉልበት ሥር የሚሠራበት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አበባውን ሁሉ፣ ደካማ ከሆነ በሁለተኛውም ዓመት፣ በጣት መልቀም ይገባል። ወፈር ወፈር ብለው ከቅርንጫፉ ጫፍ የሚታዩት የአበባ እምቡጦች ናቸው፤ ከነርሱ በታች ያሉት ቀጫጭኖችና ሾጣጣዎቹ የቅጠል ናቸውና አይነኩም። ልጆች ፍሬውን ሲጠብቁ ይህን ማድረግ እንደሚከብድ እሙን ነው፤ ሆኖም በዚህ የተጨከነበት ተክል በሦስተኛው ዓመት የሚሰጠው ፍሬ ካልተጨከነበት ይበልጣል።

ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲገኝ

በክረምት ቀጫጭን ግንዶች በቢላ የተቆረጡ ያህል በሰያፍ ተጠርበው ከተገኙ ጥንቸል ነው፤ ጫፉ የተቦጨቀና ከፍ ያለ ከሆነ አጋዘን ነው። ለጥንቸል 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠባብ ቀዳዳ የሽቦ መረብ፣ ግርጌው ወደ መሬት ትንሽ ተቀብሮ፣ ከኅዳር በፊት ቢከበብ ይበቃል። ከሥር ያለው ግንድ ከነእምቡጡ ከተረፈ በጸደይ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ የተበላውን ችግኝ ከሚያዝያ በፊት መንቀል አያስፈልግም።