ቆጠብኩ እያሉ ማባከን፦ ቢቀሩ የሚሻሉ የቤት ውስጥ ስህተቶች

ኑሮው ሁላችንንም ቆጣቢ አድርጎናል። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ገበያ ላይ ተከራክረን ያተረፍናትን ብር ቤት ገብተን እንጥላታለን። አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ የማያቸውን ጥቂቶቹን ላንሳ።

እንጀራን በትኩሱ መክደን

ከዚህ የምጀምረው ጤፍ በዚህ ዋጋው ሌላ ነገር ስለማያስቀድም ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ እስኪግል ድረስ ደግሞ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ይቆጥራል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት ከመጋገር ምጣዱ አንዴ ከጋለ ለሳምንት የሚሆነውን ማውጣት ያዋጣል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትኩሱን በላይ በላዩ ደርድሮ መክደን፣ ሲብስም ፌስታል ውስጥ መክተት የተለመደ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ እንጀራው ያልበዋል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ይልበታል። በመብራት ያተረፉት ከጤፉ ጋር ገደል ገባ ማለት ነው።

እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ በደንብ አቀዝቅዘው ይደራርቡ። እንደማይበላ ያወቁትን ሳይሻግት ቆራርሰው ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ለወራት ይቀመጣል። የሻገተውን ጠርዙን ቆርጦ መብላት ግን ቁጠባ አይደለም። ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በላይ ውስጥ ይገባል።

ሽንኩርትና ድንችን አንድ ጆንያ ውስጥ ማክረም

በብዛት ሲገዙ ይረክሳል፣ እውነት ነው። ሽንኩርት ግን ደረቅና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል። ድንች ጨለማ ይወዳል፤ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፣ ያኔ አይበላም። አንድ ላይ ከከረሙ ቶሎ ያቆጠቁጣሉ። ቲማቲምን ደግሞ ድግስ ከሌለብዎ በሳጥን አይሞክሩት።

የቅበላ ሥጋ

ፊታችን 55 ቀን ጾም ነው ብለን በአንድ ቅዳሜና እሁድ የ55 ቀኑን ልንበላ እንነሳለን። ሥጋ ቤቱ ሰልፍ ነው፤ ቅርጫ የገባውም አለ። ሰኞ ጠዋት ፍሪጁ ሞልቷል፣ የሚነካው የለም። የማይጾም ጎረቤት ካለ ተመስገን ነው። ከሌለ አንዳንዱ ለውሻ ይጥለዋል፤ እኔ ይሄ ነገር ከኃጢአት የሚቆጠር ይመስለኛል።

መፍትሔው እሁድ ማታ ሳይሆን ገና ሥጋው እንደገባ ነው። የሚበላውን ይለዩ፤ የቀረውን ቀጭን አድርገው ይዘልዝሉ፤ ጨውና በርበሬ አሽተው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይስቀሉት። ወቅቱ በጋ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ለፋሲካም የቋንጣ ፍርፍር አለዎት።

በየገበያው አዲስ ዘንቢል መግዛት

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ገበያ በወጣ ቁጥር ያንን ጨርቅ መሳይ ቦርሳ ይገዛል፣ ምክንያቱም የበፊቱ ቤት ተረስቷል። በሩ ጀርባ ላይ አሥራ ምናምን ተንጠልጥሏል። ጨርቅ መሳዩ ራሱ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። አንዱን አጣጥፈው የእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ይተዉት፣ አለቀ።

«አንድ ቀን ይጠቅማል»

የተሰበረ ካውያ፣ የነደደ ስቶቭ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት አልጋ ሥር ዓመታት ይተኛሉ። የሚሠራ ከሆነ አሁኑኑ ያሠሩት። ካልሆነ ቆራሌው ሲጮህ ይጥሩት፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ የአንዱ በርሜል ለሌላው የከሰል ምድጃ ይሆናል። ዝጎ ከመበስበሱ በፊት ይስጡት እንጂ፣ ያኔ በኪሎም አይፈልገውም። መጀመሪያ በጠራልዎት ዋጋ ግን እንዳይሸወዱ።