ፉል በአምስት ሰዓት የለም

ድሬዳዋ፣ ነምበር ዋን ሰፈር፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ቁርስ ቤት አለችኝ። ትናንት አንድ እንግዳ አምስት ሰዓት ላይ መጥቶ ፉል አዘዘ። አልቋል አልኩት። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የምግብ ዝርዝር በጣቱ እያሳየ «ይኸው፣ አለ እኮ!» አለኝ። አቦ፣ ግድግዳው ባቄላ አይቀቅልም!

ልንገራችሁና ይውጣልኝ። የፉል ባቄላ ቀን ተዘፍዝፎ ይውላል፣ ማታ ከሰል ላይ ይጣዳል፣ ሌሊቱን ቀስ እያለ ሲንተከተክ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ክዳኑን ስከፍት ፍሬው በማንኪያ ጀርባ ጫን ሲሉት ይፈርሳል። ከሙን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ ለፈለገ እንቁላል፤ ከ12፡30 እስከ 2፡30 የሚበላው ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የድስቱ ቂጥ ነው፣ ማረር የጀመረ። ደንበኛ እንዳይመለስበት ብሎ ውሃ ጠብ አድርጎ፣ ሚጥሚጣ አብዝቶ የሚያቀርብ ቤት አለ። እናንተም በልታችሁ ስትወጡ «የድሬ ፉል ያን ያህልም አይደለም» ትላላችሁ። የበላችሁት እኮ እጣቢ ነው!

ስለዚህ ዝርዝሩን አታንብቡ። ግቡና «ምን ደርሷል?» በሉ። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የሚበላውን እዩ፤ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ከበላ እናንተም እሱን ብሉ።

ምሳም ሰዓት አለው። ስድስት ሰዓት ላይ ከመጣችሁ ሩዙም ማካሮኒውም ትኩስ ነው። ሰባት ተኩል ካለፈ ድሬ በሯን ገርበብ አድርጋ ወይ ትተኛለች ወይ ትቅማለች፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሚያስተናግዳችሁ ሰው ቢገኝም ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ማታ ደግሞ የሥጋ ወጥ ከማዘዛችሁ በፊት መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። በዚህ ሙቀት ከምሳ የተረፈ ወጥ ለእራት አይታመንም። ካልተማመናችሁ ዓይናችሁ እያየ የሚጠበስ እንቁላል እዘዙ።

ብርጭቆው ላይ ነጭ ነገር አይታችሁ «አልታጠበም» ብላችሁ አትጩኹ። የድሬ ውሃ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያዬን ብትገለብጡት ውስጡ እንደ ግድግዳ የተለሰነ ነው። በጣታችሁ ዳሱት፤ ሻካራ ከሆነ ኖራ ነው፣ የሚያሟልጭ ከሆነ ግን ያኔ ጩኹ።

ሥጋ ካዘዛችሁ የክርስቲያን ቤት ይሁን የሙስሊም ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። እዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ጓደኛችሁን ጋብዛችሁ፣ ጥብሱ እየጨሰ ሲመጣ እሱ እጁን ሰብስቦ መቀመጡ ነው። የሁለቱም ወገን ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆኑ ፉል፣ እንቁላልና ፈጢራ ያስማማቸዋል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ፉሉ ያለ እንቁላል። በረመዳን ቀን ላይ መጥታችሁ በሩ ተዘግቶ ብታገኙ አትገረሙ፣ ከማፍጠሪያ በኋላ ኑ።

ፈጢራ በፌስታል አታስጠቅልሉ። ላብ ይጠጣና ጨርቅ ይሆናል።

በጠዋት ለአንድ ሻይ ባለ 200 ብር ኖት አትዘርጉ። ይህ ኖት በ2013 ከወጣ ጀምሮ የኔ ጠዋት በዝርዝር ፍለጋ ነው የሚጀምረው።

አንድ ነገር ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰዎች። አስተናጋጇ «አንተ፣ ምን ላምጣልህ?» ብትላችሁ አትቆጡ። ባለፈው ዓመት አንድ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ «ልጅት፣ እኔ አንተ የምባል ሰው ነኝ?» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። ልጅቷ ግራ ገብቷት «ታዲያ አንቺ ልበልህ?» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ አባቱንም አንተ የሚል ሞልቷል፣ ንቀት አይደለም፤ «እርስዎ» ከተባላችሁ እንዲያውም ተጠራጠሩ፣ ሒሳቡን ሊያበዙባችሁ ይሆናል። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ራሳቸውም ስቀው ሁለተኛ ሻይ አዘዙ።

ይህን ሁሉ ስል እኔ የማልሳሳት እንዳይመስላችሁ። በቀደም ለጉዳይ ሐረር ወጥቼ፣ ጉዳዬን ጨርሼ ጀጎል ውስጥ አንዲት ቤት ስገባ አራት ሰዓት አልፏል። ፉል ጠየቅኩ። «አልቋል» አለችኝ ባለቤቷ። «ከድስቱ ሥር ትንሽ አይጠፋም» አልኳት፣ እኔ! ትክ ብላ አየችኝና ገባች። ያመጣችው ቀጥኗል፣ ሚጥሚጣው በዝቷል፣ ከሥሩ የማረር ሽታ አለው። ከመጀመሪያው ጉርሻ ምን እንዳደረገች አወቅኩ። ዳቦዬን እያጠቀስኩ ጨርሼ በላሁ፣ ከፈልኩ፣ «ይጣፍጣል» ብያትም ወጣሁ።