ከአደጋ በኋላ ሱቅን ቶሎ ከፍቶ ሰፈርን መርዳት እንዴት ይቻላል?

የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ፣ ሰው የሚሻገርበት፣ ነጋዴም ዕቃ የሚዘረጋበት አሸዋ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ከተራራው የወረደው ዝናብ ሞልቶት ወጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

እንዲህ ያለው ሌሊት ሲነጋ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ዘመዱን ነው። ቀጥሎ ውሃ፣ ዳቦ፣ የሕፃን ወተት። የእርዳታ መኪና እስኪደርስ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሱቁ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ንግድ ቤት ለተጎዳ ሰፈር የሚያደርገው ትልቁ ነገር፣ እንደኔ እንደኔ፣ ካርቶን ተሸክሞ ፎቶ መነሳት አይደለም። በሩን መክፈት ነው። እንዴት እንደሚከፈት እንይ። ሥራው ለአንድ በር ሱቅም ለሱፐርማርኬትም ያው ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው።

1. ክረምት ሳይገባ ተዘጋጁ

አንድ ወረቀት ያዙ። የሠራተኞቻችሁን ስልክ፣ የሁለት አከፋፋዮችን ስልክ፣ የቀበሌውንና የእድሩን ዳኛ ስልክ ጻፉበት። ስልክ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፤ ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ሁለቱ አከፋፋዮች በአንድ ድልድይ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ እንደ አንድ ቁጠሯቸው።

ከዚያ ምን እንደሚፈለግ አስቡ። ትልቁ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ2004 የቀድሞ የሽያጭ መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ሲል የእንጆሪ ፖፕ ታርት (የታሸገ ጣፋጭ ብስኩት መሰል ምግብ) ሽያጭ 7 እጥፍ እንደሚያድግ አገኘ። ነገሩ ገርሟቸዋል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ልጅም ይወደዋል። የእኛው በሶ ከዚህ ምን ያንሳል? በሶ፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ ብስኩት፣ የታሸገ ውሃ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ ሳሙና። ሞዴስና ዳይፐር ሁሌ ይረሳሉ፤ እናንተ አትርሷቸው።

2. አትቸኩሉ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ላይ መሬት ሲንሸራተት፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተቀበሩ። ዕቃ ለማዳን ወደ ውስጥ ዘላችሁ አትግቡ። ቆጣሪው ይጠፋ፣ ግድግዳው ይታይ፣ የጋዝ ሽታ ካለ ራቁ። ጀኔሬተር ቤት ውስጥ አይነሳም፤ ጭሱ ሰው ይገድላል። ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጥ።

3. ሠራተኛችሁን ፈልጉ

ካሼሯም ቤቷ ጎርፍ የገባባት ሰው ናት። መጀመሪያ «ደህና ነሽ?» ብላችሁ ደውሉ፤ «መቼ ትመጫለሽ?» በኋላ ይደርሳል። ደመወዝ አስቀድማችሁ መስጠት ከቻላችሁ ስጡ። ባልተሟላ ሰው መሥራትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ሂውስተን ከተማ ባጥለቀለቀ ጊዜ (እዚያ ዘመድ ያለው አንባቢ ያስታውሰዋል) ኤች-ኢ-ቢ የሚባለው የቴክሳስ ሱፐርማርኬት ዝናቡ ገና ሳያባራ በአካባቢው ካሉት 83 መደብሮቹ 60ዎቹን ከፍቶ ነበር። አንዳንዱ መደብር የሠራው በ5 ሠራተኛ ነው። አንዱ በር ላይ ቆሞ ሰው በተራ ያስገባል፣ አራቱ ሒሳብ ይቀበላሉ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ አልተጠበቀም።

4. የሚከፈተውን ያህል ክፈቱ

ቤቱ የማያስገባ ከሆነ በር ላይ ጠረጴዛ አውጡ። የእድሩን ድንኳን ጠይቁ፤ ለለቅሶ የተተከለው ድንኳን ለገበያም ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ጃፓን ውስጥ የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ የዳይኤ መደብሮች መሥራች ናካኡቺ ኢሳኦ መከፈት የሚችለው ሁሉ እንዲከፈት፣ መብራትም እንዳይጠፋ አዘዘ። ዕቃውን በመርከብና በሄሊኮፕተር አስመጣ። በጨለማ ከተማ ውስጥ የበራ ሱቅ ማየት ለሰው ምን እንደሆነ ገብቶት ነበር።

5. የተበላሸውን ያለ ርኅራኄ ጣሉ

መብራት ከጠፋ ያልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር (በረዶ የሚሠራው) 48 ሰዓት፣ እስከ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት። ከዚያ ያለፈ ሥጋና ወተት አይሸጥም፣ በነፃም አይሰጥም። የጎርፍ ውሃ የነካው ዱቄት፣ ስኳር፣ ፓስታ እንዲሁ። ቆርቆሮው ያልተጎዳና ያልዛገ የታሸገ ምግብ ግን ይተርፋል። ወረቀቱን ላጡ፣ በሳሙና እጠቡ፣ በ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽቶ የሌለው በረኪና ጨምራችሁ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሲደርቅ የውስጡን ስምና የሚያልፍበትን ቀን በማርከር ጻፉበት። ከመጣላችሁ በፊት ደግሞ የሁሉንም ፎቶ አንሱ፤ ኢንሹራንስ ካላችሁ ይጠይቃችኋል።

6. ዋጋና ዱቤ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታየው። አንድ ክረምት በእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሦስት ቀን በጨለማ ተቀመጥን። አንዱ ባለሱቅ ሻማውን በእጥፍ ሸጠ። ሌላው በድሮው ዋጋ፣ ለአንድ ቤት ሁለት ሁለት እያለ ሸጠ። ዛሬም ሰው የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛው ጋ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋውን በትልቁ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፤ «ለአንድ ሰው ይህን ያህል» የሚለውንም አብራችሁ። የመጓጓዣ ዋጋ በእውነት ከጨመረባችሁ ምክንያቱን ጻፉ። ሰው የሚናደደው በጭማሪው ብቻ አይደለም፣ በድብቁም ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም የባንክ ካርድም አይሠሩም። ያኔ የሚሠራው ያ አሮጌ የዱቤ ደብተር ነው። በነገራችን ላይ፣ ውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚገነቡትን ነገር ባለሱቃችን በደብተርና በእስክሪብቶ ይዞታል፤ ማን ስንት ልጅ እንዳለው፣ ማን መቼ ደመወዝ እንደሚቀበል ያውቃል። የድሮውን ዕዳ ለጊዜው አታንሱ። አዲሱን በሌላ ገጽ ጀምሩ፣ ለአንድ ቤት ጣሪያ አብጁለት፣ ለምግብና ለሳሙና ብቻ ይሁን። በዱቤ የገዛ ሰው እንደ ደንበኛ ነው የሚሄደው፣ እንደ ተመጽዋች አይደለም።

ግን ባለሱቁ ዱቤ የሚሰጠው አከፋፋዩ እሱን ሲታገሰው ነው። ትልቅ ድርጅት ያላችሁ፣ አንድ መኪና ዱቄት በነፃ ከማራገፍ ለተጎዱት ባለሱቆች የ30 ቀን ዱቤ መስጠት ሊበልጥ እንደሚችል አስቡበት።

7. ውሳኔውን ቦታው ላይ ላለው ሰው ተዉለት

ቅርንጫፍ ላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ስትመታ የዋልማርት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሊ ስኮት ለሠራተኞቹ ያስተላለፈው መልእክት፣ ከሥልጣናችሁ በላይ የሆነ ውሳኔ ይገጥማችኋል፣ ባላችሁ መረጃ ወስኑ፣ ከሁሉ በላይ ትክክለኛውን አድርጉ የሚል ነበር። ዌቭላንድ በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ አንዲት የዋልማርት መደብር ምክትል ሥራ አስኪያጅ በቡልዶዘር ፍርስራሹን ጠርጋ ገባች። ያልተበላሸውን ውሃ፣ ጫማና ካልሲ ሰብስባ መኪና ማቆሚያው ላይ አደለች። የፋርማሲውን ክፍል ሰብራ መድኃኒት ለሆስፒታል ሰጠች። ማንንም አላስፈቀደችም። እናንተም ከአሁኑ በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ስልክ ካልሠራ ሥራ አስኪያጁ እስከዚህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ሳይጠይቅ መስጠት ይችላል በሉ።

8. ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ

ቀበሌውን ወይም እድሩን «ምን ጎደለ?» በሉ። ማንም ያልጠየቀው አሮጌ ልብስ ቦታ ይይዛል፣ ለይቶ የሚያነሳው ሰው ጉልበትም ይበላል። ነፃ ዕቃ ለሳምንታት ሲታደል ደግሞ ጎረቤት ያለችው ጉልት ሻጭ ገበያዋ ይጠፋል። ቢቻል ኩፖን አሳትሙና ሰው ከሰፈሩ ሱቅ ይግዛበት፤ ሒሳቡን እናንተ ክፈሉ።

9. ውሃው ከጎደለ በኋላ

ጭቃው ሳይታጠብ ውሃው የደረሰበትን ልክ በግድግዳው ላይ በቀለም አስምሩ። አዲሱን መደርደሪያ ስታሠሩ ዱቄትና ስኳር ከዚያ መስመር በላይ ይውጡ። የዱቤ ደብተሩንም ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱና ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ።