ቅኝ ግዛትና ሰብአዊ መብት፦ ከወጣቶች ጋር እንዴት እንወያይበት?

ባሕር ዳር ውስጥ የንባብ ቡድን ካላችሁ ለዚህ ርዕስ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስጡት። ሰብአዊ መብት ሲባል ፈረንጅ ጽፎ ጨርሶ ያደለን የሚመስለው ብዙ ነው። ሰነዶቹን በተራ ያነበበ ግን እንደዚያ አይልም። ጣና ዳር ጥላ ስር ብትቀመጡ ደስ ይላል፤ ነፋሱ ወረቀት ስለሚበትን ብቻ በደንብ ያዙት።

መጀመሪያ የ1948ቱን ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ፕሪንት አድርጉ፤ በአማርኛም አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።) ከማንበባችሁ በፊት ግን በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ የሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ። 48 አገሮች ደገፉ፣ 8 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ የለም። ከአፍሪካ የደገፉት ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ላይቤሪያ ብቻ ናቸው። ኬንያ፣ ጋና፣ አልጄሪያ ገና በባዕድ እጅ ስለነበሩ ወንበር እንኳ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወደ 1960 እለፉ። በዚያ ዓመት 17 አገሮች የተባበሩት መንግሥታትን ተቀላቀሉ፤ ከቆጵሮስ በቀር ሁሉም አፍሪካውያን ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ቅኝ ግዛት ይብቃ የሚለውን ውሳኔ 1514 በ89 ድምፅ አጸደቀ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና አሜሪካ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት 9 አገሮች መካከል ነበሩ።

አሁን የ1966ቱን ሁለት ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ቃል ኪዳኖች አንቀጽ 1 ጎን ለጎን አስነብቡ። አንድ ዓይነት ነው፦ ሕዝቦች ሁሉ የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት አላቸው። በ1948ቱ መግለጫ ውስጥ ይህ የለም፤ ያስገቡት ለነፃነት የታገሉት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ሰው የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 39 ማንሳቱ አይቀርም፣ ክርክሩም ይጦፋል። ትንሽ ተዉአቸውና ወደ ሰነዱ መልሷቸው።

ብዙውን ሰዓት ግን ለናሚቢያ ጉዳይ አቆዩት፤ የኛም ታሪክ ነውና። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ያኔ ናሚቢያን ታስተዳድር የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን በ1960 ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ስድስት ዓመት ተሟገቱ። ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ወደቀ፤ ምክንያቱም ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም የሚል ነበር። አፍሪካ ተቆጣ። በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያን የማስተዳደር ሥልጣኗ አብቅቷል አለ፣ በ1971 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት እዚያ መቆየቷ ሕገወጥ ነው ብሎ አስተያየት ሰጠ። ወጣቶቹ ከ1966ቱ ፍርድ በኋላ እነሱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር ይናገሩ።

ከባዱን ጥያቄም አትሸሹት። ሄግ ላይ ለናሚቢያ የተሟገተው የንጉሡ መንግሥት አገር ቤት የፖለቲካ ፓርቲ አይፈቅድም ነበር። ሁለቱን እንዴት አስታረቀ? ለመልሱ አትቸኩሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የ1981ዱን የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ስጧቸውና የግለሰቡ መብት የት፣ የሕዝቡ የት እንዳለ አስምረው ይምጡ።