ከዚራ የሚሠራ፣ ሳቢያን የሚቆም ማክሮ

የድሬዳዋ መጋዘን ሂሳብ የሚያወራርደው የኤክሴል ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚፈጽም ኮድ) ከዚራ ሰፈር ባለው ቢሮ ያለችግር ይሮጣል፤ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግን አንዴ ስህተት 1004፣ አንዴ ስህተት 9 ያወጣል። ማክሮው የሚከፍተው ፋይል ግን እዚያው ማክሮው ባለበት ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል።

1004 የመጣው ፋይል ለሚከፍተው ትእዛዝ ለ«ወርክቡክስ.ኦፕን» (Workbooks.Open) የተሰጠው የፋይል ስም ብቻ ስለነበር ነው። ሙሉ አድራሻ ከሌለ ኤክሴል ፋይሉን የሚፈልገው ማክሮው ባለበት ሳይሆን በሰዓቱ በሚጠቀምበት ፎልደር ነው፤ ያ ደግሞ ከሌላ ቦታ ፋይል ሲከፈት ሊቀየር ይችላል። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ከስሙ ፊት «ዚስወርክቡክ.ፓዝ» (ThisWorkbook.Path፣ ማክሮው ያለበት ፎልደር አድራሻ) እና የኋሊት ስላሽ (\) ሲገባ ተስተካከለ። ስላሹ ከተረሳ የፎልደሩና የፋይሉ ስም ይጣበቃሉ። «አክቲቭወርክቡክ» (ActiveWorkbook) እዚህ አይሆንም፤ ፊት የወጣውን ማንኛውንም ፋይል ይይዛል።

ተንኮለኛው ስህተት 9 ነው፤ በተጠራው ስም የተከፈተ ፋይል አልተገኘም ማለት ነው። ኮዱ የሚለው ወርክቡክስ("ሚያዝያ")፣ ያለ ቅጥያ (እንደ .xlsx ያለው የፋይል ስም መጨረሻ)። ዊንዶውስ ቅጥያ በሚደብቅበት ኮምፒውተር ያልፋል፤ በሚያሳይበት ይወድቃል። የሳቢያኑ ያሳያል። ቅጥያውን መጨመር ይበቃ ነበር፤ የተሻለው ግን ፋይሉ ሲከፈት በ«Set» ትእዛዝ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ውስጥ መያዝና ከዚያ በኋላ በስም አለመጥራት ነው።

ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ያለ ፋይል ሌላ ጣጣ አለው፦ «ፓዝ» የድር አድራሻ ሊመልስ ይችላል፣ ፋይል መኖሩን የሚፈትሸው «ዲር» (Dir) ደግሞ ያንን አይቀበልም። ወደ ዲስክ ገልብጦ መሥራት ይቀላል።